ሥራ በበዛበት ኑሮ ራስን ስለ መጠበቅና ልክን ስለ ማወቅ

ሥራ ለሰው ክብሩ ነው። ሥራ የሌለው ሰው ቀኑ ይረዝምበታል፤ አሳቡም ይባክንበታል፤ አባቶቻችንም ይህን አይተው «ሥራ ያጣ መነኵሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ሲሉ ተርተዋል። ነገር ግን ሥራ ያጣ ሰው እንደሚጐዳ ሁሉ፤ ሥራው ልክ ያጣበት ሰውም ይጐዳል። ስለ ፊተኛው ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ኋለኛው የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የሚናገረው ያነሰበት ምክንያትም የተሰወረ አይደለም፤ ይኸውም ደከመኝ ማለት ስንፍና፤ ይህን አልችልም ማለት ውርደት፤ ልረፍ ማለትም አደራን መጣል መስሎ ስለሚታይ ነው። ዛሬ በዚህ የቤተሰብ ገጽ ስለዚህ ነገር ጥቂት ቃል ለመናገር ያሰብነው፤ የአንድ ሹም ድካም በራሱ ላይ ብቻ ሳይቀር፤ ለሚስቱም ለልጆቹም በደጁ ለሚቆመውም ባለ ጕዳይ የሚተርፍ ስለ ሆነ ነው።

ለነገራችን ምሳሌ የሚሆነንን ስፍራ አስቀድመን እንግለጥ። እኛ በመንግሥት ሥራ ምክንያት ጥቂት ዓመታት በከሚሴ ከተማ ተቀምጠናል። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ታላቅ መንገድ ላይ፤ ኮምቦልቻ ሳይደረስ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፤ በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። በአጠገብዋም የጨፋ ሸለቆ ሜዳውን ዘርግቶ ይታያል። የቦርከና ወንዝ ከደሴ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ፤ በኮምቦልቻ በኩል ቍልቍል ወርዶ፤ በዚህ ሜዳ ላይ ይንጣለላል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ውሃ የማይለየው፤ እርጥብ ሣር የበቀለበት መስክ ማለት ነው፤ በገዳ ሥርዐትም ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሕግ የሚመክሩበት ሸንጎ በዚሁ ስም ይጠራል። የሸለቆው ስም ከዚህ ቃል ጋራ ምን ያህል እንደሚቀራረብ ባሰብን ጊዜ፤ የመስክና የምክር ስም አንድ መሆኑ ደስ ያሰኘናል።

ይህ መስክ እንዴት እንደሚኖር ያላወቀ ሰው በክረምት ቢያልፍበት፤ የተበላሸ መሬት ይመስለዋል። ዝናቡ በደጋው ላይ በበረታ ጊዜ ቦርከና ሞልቶ ከዳሩ ይወጣና ሜዳውን ያለብሰዋል። ያን ጊዜ በረግረጉ መካከል ማረስ አይቻልም፤ ከብትም ቢገባበት ይሰጥማል፤ ስለዚህ ሰውም መንጋውም ወደ ዳር ይወጣል። መሬቱ ግን በከንቱ የተኛ አይደለም፤ ውሃውን ይጠጣል፤ ጐርፉ ያመጣውን ደለል ያስቀራል፤ የሣሩን ሥር ያጠግባል። ዝናቡ ቆሞ ውሃው በሸሸ ጊዜ፤ በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ ሲደርቅ፤ ጨፋ ለምለም ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ከምሥራቅ ከአፋር ቆላ፤ ከአካባቢውም ቀበሌዎች፤ ከብት አርቢዎች ግመላቸውንና ላማቸውን እየነዱ ይመጡበታል። በ1994 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002) ዝናብ በጠፋ ጊዜ፤ የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች ባወጡት ዘገባ፤ ይህ ሸለቆ ለ50,000 ከብት አርቢዎችና ለ200,000 እንስሳት መሸሸጊያ እንደ ሆነ ተጽፏል።

እንግዲህ ያ ሁሉ ሕዝብና ያ ሁሉ መንጋ በጭንቅ ቀን መጠጊያ ያገኘው፤ መስኩ በክረምት ለራሱ የሚሆነውን ውሃ ተቀብሎ ስለ ቈየ ነው። ክረምት ከበጋ ያለ ማቋረጥ ቢታረስና ቢጋጥ ኖሮ፤ ሰው በተቸገረበት ጊዜ የሚሰጠው አይኖረውም ነበር። እርሻው ወደ ረግረጉ እየገፋ በሄደ መጠን፤ ለከብት የሚተርፈው ሣር እያነሰ መሄዱንም የአገሩ ሰዎች በኀዘን ይናገራሉ። ለሰው የተሠራውም ሕግ ከዚህ አይርቅም። ለብዙ ሰው መጠጊያ የሆነ ሰው፤ እርሱ ራሱ የሚሞላበት ጊዜ ያስፈልገዋል። ይህንንም ጊዜ ያለ ኀፍረት ለመቀበል፤ ልኩን ማወቅና በልኩ ደስ መሰኘት ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

የቀድሞ ሰው ሥራ አልነበረበትም ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ሥራው ከፀሐይ ጋራ ይገባ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ ወዲህ፤ የመንግሥት ሥራ በቢሮ፤ በደብዳቤና በሰዓት የሚሠራ እየሆነ ሄደ። ያም ሆኖ ሹሙ በሩን ዘግቶ ሲወጣ፤ ጕዳዩ ከበሩ ውስጥ ይቀርለት ነበር። በ1991 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ስልክ በአገራችን ከተጀመረ ወዲህ ግን ይህ በር ቀስ በቀስ ጠፍቷል። ዛሬ ቢሮው በኪስ ነው፤ ራት ሲቀርብ አብሮ ይቀርባል፤ ሌሊትም ከራስጌ ያድራል። ደግሞም የሹም ጕዳይ የቢሮ ብቻ አይደለም፤ የዘመድ ሠርግ፤ የጐረቤት ለቅሶ፤ የማኅበር ስብሰባ፤ የልጅ ትምህርት ቤት፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይጠሩታል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ ዳሩ ግን ብዙ ሰው በየቀኑ አራትና አምስት ዛፍ ለመውጣት ሲታገል ይታያል።

በሥራ ላይ ሳለን ያወቅነውን አንድ ባልደረባችንን እዚህ ላይ እናነሣለን፤ ስሙንና መሥሪያ ቤቱን ግን አንጠቅስም። ይህ ሰው እጅግ ታማኝ ነበረ። ጧት ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፤ ማታ ከሁሉ በኋላ ይወጣል፤ የዓመት ዕረፍቱንም ከዓመት ወደ ዓመት ያሻግረዋል። ሰው ባመሰገነው ጊዜ ደስ ይለው ነበር፤ ነገር ግን ምስጋናው እንደ ብድር እየሆነበት፤ በማግሥቱ ይበልጥ ለመሥራት ይገደድ ነበር። በመጨረሻ እንቅልፍ ራቀው፤ ራሱን ያመው ጀመር፤ በልጆቹም ላይ ያለ ምክንያት ይቈጣ ጀመር። አንድ ቀን ከጠረጴዛው አጠገብ እንደ ተቀመጠ ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉት። ሐኪሞችም የደሙ ግፊት ሳይታወቅ ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ እንደ ኖረ ነገሩት። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሕይወቱ ተርፋለች፤ አሁንም በከዘራ ይሄዳል። በታመመበት ወራት ግን የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አልቆመም፤ በወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ፤ ደብዳቤውም እንደ ወትሮው ተጻፈ። ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ ባለቤቱ ቡና እያቀረበችልን «ቢሮው ሌላ ሰው አገኘ፤ እነዚህ ልጆች ግን ሌላ አባት ከየት ያመጣሉ?» ብላ የተናገረችው ቃል እስካሁን ከልባችን አልወጣም።

ይህ የአንድ ሰው ክፉ ዕድል ብቻ እንዳይመስል፤ የዓለም ሊቃውንት የመረመሩትን እንጨምር። የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 አብረው ባወጡት ጥናት፤ በ2016 በአንዱ ዓመት ብቻ ከረዥም የሥራ ሰዓት የተነሣ በአንጐል የደም ሥር ሕመምና በልብ ሕመም 745,000 ሰዎች እንደ ሞቱ ገምተዋል። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፤ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ፤ በአንጐል የደም ሥር ሕመም የመያዝ አደጋው በ35 ከመቶ፤ በልብ ሕመም የመሞት አደጋው በ17 ከመቶ ከፍ እንደሚል ገልጠዋል። ጃፓኖች ከሥራ ብዛት የሚመጣውን ሞት ካሮሺ ብለው የራሱ የሆነ ስም አውጥተውለታል። የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ በ2019፤ በሥራ ላይ የሚደርስ ጭንቀት መላ ሳይገኝለት ሲቀር የሚያመጣውን መዛል በመዝገቡ ውስጥ በግልጥ አስፍሮታል፤ ይህንንም በሽታ ብሎ ሳይሆን፤ ከሥራ የሚመጣ ሁኔታ ብሎ ሰይሞታል። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ የጕልበት ማለቅ፤ ከሥራ በልብ መራቅና ሥራን መጥላት፤ የሥራም ፍሬ ማነስ። ሦስተኛውን ምልክት አንባቢያችን ልብ ይበለው፤ ሥራ እንዳይጐድል ብሎ ዕረፍቱን የተወ ሰው፤ በመጨረሻ የሚጐድልበት ያው ሥራው ነውና።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። በዚያ በ1994 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ መንጋውን እየነዳ የመጣው ሰው በደጅ ቆሞ ሳለ፤ ሹሙ ልረፍ ቢል እንዴት ይሆናል? ዕረፍት ማለትስ «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚሉት ሰዎች ጠባይ አይደለምን? ጥያቄው እውነተኛ ስለ ሆነ በዋዛ አይታለፍም። የጭንቅ ቀን የጭንቅ ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ሌሊቱን ሁሉ መቆም የሚገባው ሰው ይቆማል፤ ይህንንም የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ እንደ ጭንቅ ቀን የኖረ ሰው፤ እውነተኛው የጭንቅ ቀን በመጣ ጊዜ ጕልበቱ አልቆ ይገኛል። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ሰው ለራሱ የሚሰበስበው ለማንም ላለመስጠት ነው፤ መስኩ ግን በክረምት የሰበሰበውን በበጋ ይሰጣል። ራስን መውደድና ራስን መጠበቅ የሚለዩት በዚህ ነው። አንድ ሰው ዐርፎ ሲመለስ ለባለ ጕዳይ ፊቱ ከበራ፤ ነገሩን ጨርሶ ከሰማ፤ ፍርዱም ከቀና፤ ዕረፍቱ ለሰው ሁሉ ጠቅሟል ማለት ነው። የደከመ ዳኛ ግን ችኵል ዳኛ ነው፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደ ተባለውም፤ በአንድ ሰዓት ጥድፊያ ያበላሸውን ነገር ለማቃናት ወር ይፈጅበታል።

ዕረፍት ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ትምህርት እንዳልሆነም ማስታወስ ያስፈልጋል። በአገራችን የክርስቲያን ሊቃውንት ስለ ሰንበት ብዙ ዘመን ከተከራከሩ በኋላ፤ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1450፤ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወስኗል። እስላሞች ወንድሞቻችን በበኩላቸው ቀናቸውን በአምስት ሶላት ይከፍሉታል፤ ነጋዴው ሚዛኑን፤ ገበሬውም ሞፈሩን አስቀምጦ ለጥቂት ጊዜ ከጕዳዩ ይለያል። ለአራስ ሴት የነበረው ሥርዐትም እንዲሁ ነው፤ እርስዋን ከሥራ አግልሎ፤ ገንፎውን በቅቤ አቅርቦ፤ ጐረቤት እየተፈራረቀ ማገልገል በክርስቲያኑም በእስላሙም ቤት የታወቀ ነው። አራስዋን ሰነፍ የሚላት የለም፤ አካልዋ የከፈለውን ዋጋ ሁሉም ያውቃልና። ያለ ደም የደከመ ሰውነት ግን ለዐይን ስለማይታይ፤ የሚያዝንለት ታጥቷል።

በጨፋ አካባቢ የቡናው ሥርዐት እንዲሁ ትምህርት ሆኖልናል። ቡናው ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ አቦል፤ ቶና፤ በረካ ይባላል፤ በረካ ማለትም ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን በረከት ማለት ነው። ጐረቤታችን የነበሩ አንዲት ባልቴት ቡና ሲያፈሉ ልጅ ልከው ያስጠሩን ነበር። አንድ ቀን አቦሉን ጠጥተን፤ ጕዳይ እንደ በዛብን ነግረን ለመነሣት ብንጠይቃቸው፤ «ልጄ፤ አቦሉ ለጥማትህ ነው፤ በረካው ግን ለነፍስህ ነው፤ ጕዳይህ ሳትጨርሰው አይሄድም፤ ተቀመጥ» አሉን። «እሺ እናቴ፤ እርስዎ ካሉማ» ብለን ተቀመጥን። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የተነገረው ነገር ታላቅ አልነበረም፤ ስለ ማሽላው አያያዝ፤ ስለ አንዲት ላም መውለድ፤ ስለ ልጆች ጨዋታ ነበር። ሆኖም ከዚያ ስንወጣ ጕዳያችን እንደ ነበረ ሳለ፤ እኛ ቀልሎን ነበር። በዚሁ በወሎ ወዳጃ የሚባል ሥርዐትም አለ፤ ሰዎች በአንድ ቤት ተሰብስበው፤ ችግር ያለበት ችግሩን ተናግሮ፤ ሽማግሌው ሲመርቅ ሁሉም አሜን ይላል። ጭንቀቱን የተናገረ ሰው ሸክሙን ለብዙ ትከሻ እንዳከፋፈለ ይቈጠራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገራችን፤ ማለት ልክን ወደ ማወቅ፤ እንለፍ። ብዙ ሰው ዕረፍት ቢያገኝ እንኳ አያርፍም፤ አልጋው ላይ ሆኖ ራሱን ይከስሳልና። እገሌ ከእኔ በኋላ ተሹሞ በለጠኝ፤ እገሌ ሦስት ቋንቋ ያውቃል፤ የእገሌ ልጅ ከልጄ ይልቅ ተማረ እያለ፤ ሌሊቱን ሙግት ያድራል። ለዚህም የጨፋን ገበሬ እንመልከት። የደሴ አካባቢ ደጋ ገብስና ባቄላ ያበቅላል፤ የጨፋ ቆላ ማሽላ ያበቅላል። ገበሬው ገብስ አልሰጠኸኝም ብሎ ማሳውን አይረግምም፤ መሬቱ የሚወድደውን ዐውቆ ማሽላውን ይዘራል፤ አረሙን ይነቅላል፤ ወፉን ይጠብቃል። ልክን ማወቅ ማለትም ይህ ነው። ማሳው ማሽላ መሆኑን መቀበል፤ ማሳውን ጦም ማሳደር አይደለም። የሚታረመውን ጠባይ ማረም፤ የጐደለውን ትምህርት መማር የሁላችን ግዴታ ሆኖ ይኖራል፤ ነገር ግን በተፈጥሮው ዝግ ያለው ሰው ፈጣን ባለ መሆኑ፤ ዝምተኛው ተናጋሪ ባለ መሆኑ፤ በዕድሜ የገፋው እንደ ጕልማሳ ባለ መሆኑ ራሱን ቢጠላ፤ በማሽላ ማሳ ላይ ቆሞ ገብስ እንደሚጠይቅ ሰው ይሆናል። ራሱን የጠላ ሰው ሌላውን መውደድ ይከብደዋል፤ በራሱ ላይ የማያልቅ ክስ ያለበት ሰው፤ ለሚስቱና ለልጆቹም ክሱን ያካፍላቸዋል።

በዚህ ገጽ ስንጽፍ ሳንናገር የማናልፈው ደግሞ የእመቤቲቱ ነገር ነው። የሹሙ ሥራ ሰዓት አለው፤ የእመቤቲቱ ሥራ ግን ሰዓት የለውም። ጧት ከእርሱ በፊት ትነሣለች፤ ማታ ከእርሱ በኋላ ትተኛለች፤ ዛሬም ብዙዎቹ ሴቶች ቀን በቢሮ ውለው ማታ ሁለተኛውን ሥራ በማጀት ይጀምራሉ። ባል በሚስቱ ድካም ላይ ተኝቶ ዐረፍሁ ቢል፤ ያ ዕረፍት ሳይሆን ሸክምን ማዛወር ነው። ስለዚህ በቤት ውስጥ ዕረፍት እንደ መስክ ግጦሽ በተራ ይሁን። እርስዋ የምትቀመጥበት ሰዓት እንዲኖራት እርሱ ልጆቹን ይያዝ፤ ውሃውን ይቅዳ፤ እንግዳውን ያስተናግድ። በዚህ የሚቀንስ ክብር የለም፤ ልጆችም አባታቸው እናታቸውን ሲያሳርፍ አይተው የሚማሩት ትምህርት፤ በብዙ ተግሣጽ የማይገኝ ነው።

ኀዘንም ዕረፍት እንደሚሻ አይዘነጋ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ፤ በዚህ ሸለቆና በዙሪያው ብዙ ቤተሰብ ተሰዷል፤ ብዙ ሰውም ዘመዱን ቀብሯል። ከዚያ በኋላ ሱቁ ተከፈተ፤ ቢሮው ተጠረገ፤ ትምህርት ቤቱም ተጀመረ፤ ሰውም ያላለቀሰውን ልቅሶ በሆዱ ይዞ ወደ ሥራው ገባ። በወሎ ቅሬ የሚባለው ማኅበር ለዚህ ነገር ጥበብ አለው፤ ሰው ሲሞት ቀብሩን ያስፈጽማል፤ ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ሰው ይመድባል፤ እህሉንም ያቀርባል። ይህ ሁሉ የሚደረገው፤ ኀዘን ጊዜ ካልተሰጠው በሌላ ቀን በሌላ መልክ ብቅ ማለቱ ስለሚታወቅ ነው። ኀዘኑም ሆነ መዛሉ ሳይለቅ ሁለት ሳምንት ያለፈው፤ እንቅልፍና ምግብ የራቀው፤ በምንም ነገር ደስ መሰኘት የተሳነው ሰው ቢኖር፤ ወደ ሐኪም ይሂድ። የአእምሮ ሕክምና ዛሬ በአዲስ አበባ በአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን በሌሎችም ሆስፒታሎች ይሰጣል፤ ለልብ ወይም ለዐይን ሕመም ሐኪም የሚሄድ ሰው እንደማያፍር፤ በዚህም ማፈር አይገባም።

የአገራችን ሕግም ቢሆን ዕረፍትን እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ መብት አይቶታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቋረጠ ዕረፍት፤ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ወስኖለታል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን፤ ሠራተኛው የዓመት ዕረፍቴን ትቻለሁ ብሎ ቢስማማ እንኳ ስምምነቱ ዋጋ እንዳይኖረው መደረጉ ነው። ሕግ ዐዋቂዎቹ፤ ሰው በሌላ ሰው ብቻ ሳይሆን በራሱም ላይ ግፍ ሊሠራ እንደሚችል ተረድተውታል ማለት ነው።

እንግዲህ በቤታችን ምን እናድርግ ለሚል አንባቢ፤ እኛ በቤታችን የያዝነውን ሥርዐት እንንገረው። ራት ከቀረበ እስከሚነሣ ድረስ ስልኩ በሌላ ክፍል ይቀመጣል፤ የሞተ ወይም የታመመ ሰው ቢኖር በደጅ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ሌሊት 7 ሰዓት ያህል እንተኛለን፤ ለአዋቂ ሰው ሊቃውንት ቢያንስ ይህን ያህል መክረዋልና። ጧት ከመኪና ይልቅ በእግር እንሄዳለን። በሳምንት አንድ ቀን ወረቀት ወደ ቤት አይገባም። የደማችንን ግፊት በየጊዜው እናስለካለን፤ ይህ በሽታ ሳይጮኽ የሚገባ ሌባ ነውና። ማታ ማታ ደግሞ ያልሠራነውን ከመቍጠራችን በፊት፤ የሠራነውን አንድ ነገር ለባለቤታችን እንነግራታለን፤ እርስዋም የእርስዋን ትነግረናለች። ያልተፈጸመው ጕዳይ በወረቀት ይጻፋል፤ ለነገም ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቍርጥ አሳብ ብቻ ነው።

በታላቅ ሹመት ያላችሁ አንባቢዎቻችንም አንድ ነገር እንድታስቡልን እንለምናለን። አለቃ የማያርፍ ከሆነ በበታቹ ያለው ሁሉ ማረፍን ይፈራል፤ አለቃ በእኩለ ሌሊት ቢደውል ጸሐፊው ስልኩን አቅፎ ያድራል። የእናንተ ዕረፍት ለብዙ ቤት ዕረፍት፤ የእናንተም ጥድፊያ ለብዙ ቤት ጭንቀት ነው። የዓመት ዕረፍታችሁን በጊዜው ውሰዱ፤ የበታቾቻችሁም እንዲወስዱ ጠይቋቸው፤ በሌላችሁበት ጊዜ ሥራውን የሚይዝ ሰው አስቀድማችሁ አሠልጥኑ። እርሱም ሥራ ይለምዳል፤ እናንተም ያለ እናንተ የማይቆም ሥራ በማደራጀታችሁ ትመሰገናላችሁ።

ሰው በዚህ ዓለም ሁሉን ሊፈጽም አልተሰጠውም። የተሰጠው ግን በቂ ነው፤ ሊሠራ የሚችለው ሥራ፤ ሊወድዳቸው የሚችሉ ሰዎች፤ ሊጠብቀው የሚገባ አንድ ሰውነት ተሰጥቶታል። ከነዚህ ሦስቱ ሥራ በሌላ ሰው ይተካል፤ ሰውነትና ቤተሰብ ግን ምትክ የላቸውም። ስለዚህ አንባቢያችን ሆይ፤ ይህን ጋዜጣ ካነበቡ በኋላ የቀረው ጕዳይ እስከ ነገ ይቈይ፤ ዛሬ ማታ ከቤተሰብዎ ጋራ እስከ በረካው ድረስ ይቀመጡ።